ሰሜንን «ላይ» ያልኩበት ጊዜ

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። ደብዳቤ ሲያስፈልገኝ እንኳ እኔ እየነገርኩ ሌላ ሰው ነው የሚጽፍልኝ። ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ ቆመ፤ ፊደሉን አልረሳሁትም፣ ግን ሐሳብን ወረቀት ላይ ማስቀመጥ ሌላ ነገር ነው። በዚያ ላይ ዓይነ አፋር ነኝ። ክፍል ውስጥ መልሱን እያወቅሁ እጄን አላወጣም ነበር። ባለፈው ሳምንት ከገበያ ስመለስ በአንድ አናጢ ደጃፍ ሳልፍ ሰውየው የጥድ ሳንቃ ይልግ ነበር። ፀሐዩ ይጠብሳል፤ ፍቅፋቂው እግሩ ሥር ተከምሯል፤ ሽታው አፍንጫዬን ሲመታው እግሬ ቆመ። «እህቴ፣ ምን ልሥራልሽ? አልጋ ነው ቁም ሣጥን?» አለኝ። «ምንም» ብዬ ዘንቢሌን አንሥቼ ሄድኩ። ምን ልበለው? አባቴ የጠፉበት ተራራ እንዲህ ነበር የሚሸተው ልበለው? ይኼን ነገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም፤ ለአንድ ሰው ብቻ ነግሬዋለሁ፣ እሱም አልሆነም። መናገር ስላቃተኝ ነው እንግዲህ የምጽፈው።

ያኔ ሰቆጣ እንዳሁኑ አልነበረችም። አሁን አውቶቡስ በየቀኑ ይገባል፣ ይወጣል፣ ቀና ብሎ የሚያየውም የለም። ያኔ መኪና ሲመጣ አቧራው ከሩቅ ይታይና ልጅ አዋቂው መንገድ ዳር ይወጣ ነበር። ሻይ በሃያ አምስት ሳንቲም ይጠጣል፤ ስኳር ጨምሩልኝ ያለውንም አይቆጡትም። እኔ ሰማያዊ ኮንጎ ጫማ ነበረችኝ። በፀሐይ እግር ታቃጥላለች፣ በዝናብ ታንሸራትታለች፣ ግን በየእሁዱ በሳሙና አጥቤ ነበር የማደርጋት። ከመስጊዱ ዝቅ ብሎ፣ መንገዱ የሚታጠፍበት ማዕዘን ላይ የሐጂ ሰይድ ሱቅ አለ። ጨው፣ ክብሪት፣ አቡጀዲ፣ የልብስ ሳሙና ይሸጣሉ፤ ባንኮኒው ላይ ደግሞ ጥልፍ ልብስ የለበሰ ቴፕ አለ። አንዲት ዘፋኝ በመሰንቆ ወንዝ ስለተሻገረ ወዳጇ ትዘፍናለች፤ ባትሪው ሲደክም ድምጿ እየጎረነነ ይሄድና መጨረሻ ላይ ሽማግሌ ትሆናለች። ያን ጊዜ ሐጂ ሰይድ ባትሪዎቹን አውጥተው ፀሐይ ላይ ያሰጧቸዋል። እኔ ዘይት ልገዛ ሄጄ፣ ዘፈኑ እስኪያልቅ ጥግ ይዤ እቆም ነበር። አንድም ቀን «ምን ፈልገሽ ነው?» ብለውኝ አያውቁም።

አባቴ መንገድ መሪ ነበሩ፤ ሰው ሁሉ አያ ኪሮስ ይላቸዋል። የነጋዴውን በቅሎና አህያ እየመሩ ወደ እኛ ቆላ፣ ወደ ዝቋላ፣ ወደ ሰሃላ፣ ወደ ኒሯቅ ይወርዳሉ። የተከዜን መሻገሪያ፣ በየትኛው ወር በየት በኩል እንደሚታለፍ፣ የትኛው ምንጭ መቼ እንደሚደርቅ ያውቃሉ። ሁልጊዜ ከፊት ናቸው። ከእኔ ጋር ገበያ ሲሄዱ እንኳ ከፊት ናቸው፤ የማስታውሳቸው ከጀርባቸው ነው፣ ጋቢያቸው፣ የተሰነጠቀ ተረከዛቸው፣ ትከሻቸው ላይ የተጋደመው ዱላ። እናቴ ቀደም ብላ ስለሞተች ቤት ያለነው ሁለታችን ነበርን። ታዲያ አንድ ክረምት እህል የጫኑ ነጋዴዎችን ወደ ሰሃላ ሲወስዱ ጉም ወረደ። አባቴ በቀኝ መውረድ ሲገባቸው በግራ ወረዱ። ግማሽ ቀን ባከኑ፤ አንዲት በቅሎ ከነጭነቷ ገደል ገባች። ማንም ፊት ለፊት አልተናገራቸውም። ነገር ግን በሚቀጥለው ጉዞ ነጋዴዎቹ ሌላ መሪ ይዘው ወጡ። አባቴ ደጃፍ ተቀምጠው ሲያልፉ አዩዋቸው። በቅሎዎቹ ካለፉ በኋላ፣

«ብርቄ» አሉኝ፣ «ጉሙ ነው ወይስ እኔ ነኝ?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ይኼ ጥያቄ አብሮን ይበላል፣ አብሮን ይተኛል። ጠዋት ሲነሡ የጎረቤቱን ሁሉ ስም ለራሳቸው ሲቆጥሩ እሰማቸዋለሁ፤ አእምሯቸውን መፈተናቸው ነው።

በዚያ ሰሞን እሌኒ የምትባል ግሪካዊት በዝቋላ በኩል የጉድጓድ ውኃ ቦታ ታጠና ነበር። ስሟን የሰማ የእኛው ሰው ትመስለውና ሲያያት ይደነግጣል። ስድሳ ያለፋት፣ ቀጭን፣ ፊቷ በፀሐይ የቀላ ሴት ናት። አባቴ ሦስት ዓመት መርተዋታል። አማርኛዋ ትልቅና ትንሽ አይለይም፤ አባቴን «አንተ» ነው የምትላቸው። እሳቸው ደግሞ ደስ ይላቸዋል፤ «እሷ አንተ ስትለኝ ወጣት የሆንኩ ይመስለኛል» ይላሉ። የበቅሎዋን ነገር ስትሰማ ቤታችን መጣችና ስለ አገሯ ጨዋታ አወራች።

«ወረቀት ይሰጥሃል። ወረቀቱ ላይ ክብ ክብ አለ። ክቡ ያለበት ቦታ፣ ዱር ውስጥ፣ ነጭና ብርቱካንማ ጨርቅ ተሰቅሏል። ሁሉን በተራ ታገኛለህ፣ እዚያ ባለው መብሻ ካርድህን ትበሳለህ፣ ትመለሳለህ።»

«ይኼማ የጠፋ ፍየል መፈለግ ነው» አሉ አባቴ። «ሽማግሌስ ይጫወተዋል?»

«የሽማግሌ ብቻ አለ። ከብዙ አገር ይመጣሉ። ዘንድሮ በእኔ አገር ነው። ና! ጉሙ ወይስ አንተ፣ እዚያ ታያለህ።»

ቀልዷን ነው። አባቴ ግን አልሳቁም። ዱላቸውን ከግድግዳው አንሥተው ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። እኔ ያን ጊዜ ነው የገባኝ፣ የሚሄዱት ለማሸነፍ እንዳልሆነ። ማንም የማያውቃቸው አገር፣ ረግጠውት በማያውቁት መሬት ላይ መንገድ ካገኙ፣ ጥፋቱ የጉሙ ነበር ማለት ነው። ካላገኙ ደግሞ መልሱ ሌላ ነው። የጉዞውን ነገር ሁሉ እሌኒ ቻለችው፤ ማንበብ የሚችል ሰው አብሯቸው ይምጣ ስላለች እኔ ተመደብኩ።

ወሬው ማዕዘኑ ላይ ሲደርስ ሐጂ ሰይድ ቴፑን ዝቅ አደረጉ። «አያ ኪሮስ፣ ፈረንጅ አገር ቢጠፉ ማን ሊፈልግዎት ነው?»

«እኔ አልጠፋም። ከጠፋ አገሩ ነው የሚጠፋው።»

«አገሩ ሲጠፋ ታዲያ ወደ እኛ ይልካሉ፣ አገራችንን አምጡ ብለው!» ሱቁ በሙሉ ሳቀ፤ አባቴም ሳቁ። ሐጂ ሰይድ ውጭ አገር ብርድ ነው ብለው የራሳቸውን የሱፍ ካፖርት አዋሱን።

እሌኒ ቀድማ ወደ አገሯ ስትመለስ ከከተማው በላይ ያለውን ኮረብታ ወረቀት ላይ ሥላ፣ ሰባት ጨርቅ ሰቅላ፣ ለእኔ ግማሽ ቀን አስረድታኝ ሄደች። አባቴን የማስተማር ሥራ የእኔ ሆነ። ደጃፍ ቁጭ ብለን ወረቀቱን ዘረጋሁት።

«እዚህ፣ የወረቀቱ ራስ፣ ሰሜን ነው» አልኳቸው።

ተነሥተው በዱላቸው ፀሐይ መጥለቂያውን አሳዩኝ። «ሰሜንማ ያውልሽ፣ ከተከዜ ማዶ። በረዶ የሚጥልበት ተራራ። ሦስት ጊዜ ሄጄበታለሁ። ወረቀቱ ነው የተሳሳተው።»

እውነታቸውን ነው። ለእኛ ሰሜን ማለት አገር ነው፤ ከተከዜ ወዲያ ፀሐይ የምትጠልቅበት ሰማያዊ ተራራ። የትምህርት ቤቱ ሰሜን ግን በኒሯቅ በኩል ነው።

«አባዬ፣ ይኼ ሌላ ሰሜን ነው።»

«ስንት ሰሜን አለ?»

አባትን፣ ያውም መንገድ መሪን፣ አቅጣጫ አያውቁም ማለት እንዴት ይሆናል? ሌላ ልጅ ብትሆን ትከራከር ነበር። እኔ አፈርኩ። «በቃ ሰሜንን ይተዉት» አልኳቸው፤ «ላይ ይበሉት። የወረቀቱ ራስ ላይ ነው፣ ግርጌው ታች ነው።»

«እንዲህ በይኝ እንጂ!» ፊታቸው በራ።

እኛ አገር ላይ ማለት ደጋ ነው፣ ታች ማለት ቆላ። ላይ የሚወጣ ነው፣ ታች የሚወረድ። ይኼን አላውቅም ነበር አልልም። ግን የሰቆጣው ኮረብታ ከሥሩ ተነሥቶ ሲወጣ ቀጥ ብሎ በወረቀቱ ራስ በኩል ነበር፤ ላይ ስላቸው ዳገቱም እዚያው፣ የወረቀቱ ራስም እዚያው። ሰባቱንም ጨርቅ አገኙ። ደግመው አገኙ። በሦስተኛው ቀን እየዘፈኑ ወረዱ። እሌኒ የሰጠቻቸውን ኮምፓስ «የሚንቀጠቀጥ ነገር አላምንም» ብለው ከማተባቸው ጋር አንገታቸው ላይ አንጠለጠሉት፤ ከዚያ በኋላ አላዩትም። እኔም ይዩት አላልኩም። ይኼው ነው ጥፋቴ፤ ትንሽ ነው፣ አንድ ቃል ነው።

በኮረም አድርገን ወልድያ አደርን፣ ከዚያ አዲስ አበባ፣ ከዚያ አውሮፕላን። አባቴ የሐጂ ሰይድን ካፖርት ለብሰው፣ እኔ ሁለት ሹራብ ደርቤ ግሪክ ስንወርድ ሙቀቱ የተከዜ በረሃ ነው። በሩ ሲከፈት ፊታችንን ገረፈን። አባቴ ዘወር ብለው፣ «ሐጂ ሰይድ ብርዱን የት ነው ያየው?» ሲሉኝ ከሰቆጣ ከወጣን ለመጀመሪያ ጊዜ ጮክ ብዬ ሳቅሁ። ባሕሩ ጠርዝ ላይ ያለ መንደር አሳደሩን። ዛፉ ሁሉ ወይራ ነው፤ የእኛ ወይራ የቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ጥላ ነው፣ የእነሱ ግን ፍሬ ተሸክሟል። አባቴ ቅርንጫፉን ይዘው «አንተን እዚህ ደህና ይዘውሃል» አሉት። ቤተ ክርስቲያን ሲያዩ ይሳለማሉ፣ የመንደሩ አሮጊቶች ደግሞ እሳቸው ሲሳለሙ አይተው ዳቦ ያመጡላቸዋል። እነዚያ ሁለት ቀናት፣ አባቴን እንደዚያ ደስ ብሏቸው አይቻቸው አላውቅም። ዛሬም ስለዚያ ጉዞ ደስ የሚለኝን ፈልጌ የማገኘው እነዚያን ሁለት ቀናት ብቻ ነው።

የውድድሩ ቀን ገና በጠዋቱ ፀሐዩ ራስ ይበሳል። መነሻው ከተራራው ወገብ ላይ ነው። ከኋላችን ተራራው፣ እንደ ጥድ የሚሸት ዛፍ ለብሶ፤ ከፊታችን ቁልቁል የወይራው እርሻ፣ ከዚያ በታች ባሕሩ። ሽማግሌና አሮጊቱ በቁምጣ ተሰልፏል። ጉልበቷን በፋሻ ያሰረች አንዲት አሮጊት እንደ ልጅ ትዘልላለች። አባቴ በቁምጣቸው፣ በሸራ ጫማቸው፣ ደረታቸው ላይ ቁጥር ተሰክቶ፣ ዱላቸውን ይዘው ቆሙ። እሌኒ የራሷ ተራ ቀድሞ ስለነበር ስትነሣ ጮኸችላቸው፤ «አያ ኪሮስ፣ ሰው አትከተል! ሰው ሁሉ መንገዱ ሌላ ነው!»

የአባቴ ተራ ደረሰ። ፉጨቱ ሲሰማ ወረቀቱን አነሡና ወንጌል እንደሚያነብ ቄስ በሁለት እጃቸው ዘረጉት። እኔ ከገመዱ ወዲህ፣ ከኋላቸው ነኝ። ከትከሻቸው በላይ አየሁት። የወረቀቱ ራስ ሰማያዊ ነው። የሰቆጣው ወረቀት ላይ ሰማያዊ ቀለም አልነበረም፤ እኛ ጋ ውኃ ከየት ይምጣ? ግን ስድስተኛ ክፍል ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ካርታ ቀይ ባሕርን ሰማያዊ አድርጎ ስለሚያሳይ፣ ያ ባሕር እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። ባሕሩ ደግሞ ከእኛ በታች ነው። የወረቀቱ ራስ ታች ነው።

አባቴ ወረቀቱን አጠፉና ወደ ተራራው ዞሩ። እሳቸውን የመሰሉት ሽማግሌዎች ሁሉ ቁልቁል ወደ ወይራው ይወርዳሉ። አባቴ አዩዋቸው፤ ሰው አትከተል ተብለዋል፣ አልተከተሉም። ዳገቱን ያዙ። አፌን ከፈትኩ። «አባዬ፣ ታች ነው!» አራት ቃል አይሞላም፣ በአማርኛ ብናገረው ከእሳቸው በቀር ማንም አይገባውም ነበር። ሕጉ መርዳት ይከለክላል፤ እኔን የያዘኝ ግን ሕጉ አይደለም። ያ ሁሉ ሰው ነው። ያ ሁሉ የማላውቀው ዓይን ዞሮ ሲያየኝ ታየኝ። የነጠላዬን ጫፍ ነከስኩ። አባቴ ዛፉ ውስጥ እስኪገቡ ድረስ ጀርባቸውን አየሁ። ከዚያ አልታዩም።

የጨረሱት እየመጡ ሐብሐብ ይበላሉ፣ እግራቸውን ባልዲ ውስጥ ይነክራሉ። ድምፅ ማጉያው ላይ ዘፈን አለ፤ ዛሬ ዜማውን ላስታውስ ብል አልችልም። እሌኒ ፊቷ እንደ በርበሬ ቀልቶ መጣች። «ኪሮስ የት አለ?»

«አልመጡም።»

«ወዴት ነው የሄደው?»

ወደ ተራራው ጠቆምኩ።

«ላይ? ለምን ላይ?»

«አላውቅም» አልኳት።

ከቀትር በኋላ ሰዎች መኪና ይዘው ወጡ። ሲመለሱ አባቴ የፊተኛው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፣ ከንፈራቸው ነጭ ሆኗል፣ ዱላቸው ጉልበታቸው መካከል ነው። በሩን ከውጭ ከፈቱላቸው። ዕድሜ ልክ ሰው የመሩ ሰው ተጭነው መጡ። ሰው ሁሉ አጨበጨበላቸው፤ ለደግ ነው፣ ሽማግሌው በሕይወት ተገኘ ብለው ነው። አባቴ ግን ዙሪያውን አይተው «ምን ያስጨበጭባቸዋል?» አሉኝ። ውኃ ሰጠኋቸው። ጽዋውን ጨርሰው ቀስ ብለው አወሩኝ።

«ጨርቅ የለም። ወጣሁ፣ ወጣሁ፣ ጫፉ ላይ ትንሽ ቤተ ክርስቲያን አለች፣ እሷን ተሳልሜ ደግሞ ፈለግሁ። የወረቀቱ ራስ ላይ ሰማዩን ሥለውታል፤ ወደ ሰማዩ ስቀርብ አገኛለሁ ብዬ ነበር። ምንም የለም።» ከዚያ እጄን ያዙ። «ብርቄ፣ ጉሙ አልነበረም። እኔ ነኝ።»

መልሱ አፌ ውስጥ ነበር። ሰማይ አይደለም፣ ባሕር ነው፤ ላይ ያልኩዎ እኔ ነኝ። እሌኒ አጠገባችን ቆማለች፣ ሐኪሙ አለ፣ ሰው ከቦናል። «ትንሽ ውኃ ይጨምሩ» አልኳቸው።

አውሮፕላን ላይ ልንገራቸው ብዬ ነበር፤ ተኝተው ነበር። ወልድያ ልንገራቸው ብዬ ነበር፤ አውቶቡሱ ተነሣ። ሰቆጣ ስንገባ ሐጂ ሰይድ ከሱቃቸው ወጥተው መጡ፣ የአባቴን ፊት አዩና የያዙትን ቀልድ ተዉት። ካፖርቱን ተቀብለው «እንኳን ደህና ገባችሁ» ብቻ አሉ። በማግስቱ አንድ የድሮ ደንበኛ ወደ ዝቋላ ይምሩን ብሎ መጣ፤ አባቴ የሌላ ሰው ቤት አሳዩት። ከዚያ ወዲያ ማንንም አልመሩም። ከሁሉ የከፋው ግን ከእኔ ጋር ሲሄዱ ነው። ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ «አንቺ ቅደሚ» ይላሉ። ከልጅነታቸው ጀምሮ በሚያውቁት መንታ መንገድ ላይ ቆመው እኔ እስክመርጥ ይጠብቁኛል። ከኋላዬ የዱላቸውን ድምፅ እየሰማሁ እሄዳለሁ፤ በየእርምጃው ልንገራቸው እላለሁ፣ በየእርምጃው ነገሩ ይከብዳል። በወሩ ያልተነገረ ነገር በዓመቱ እንዴት ይነገራል? በዓመቱ ያልተነገረስ? እሌኒ አንድ ጊዜ ደብዳቤ ላከች፤ መልስ የሚጽፍልኝ ሰው መፈለግ አፍሬ ቀረ። ወደ ዝቋላ መንገድ እየተጠረገ መኪና መግባት ጀመረ፤ መሪ የሚፈልግ ሰውም እያነሰ መጣ። ለአባቴ ይኼ ማጽናኛ ይሆናል ብዬ ነበር። አልሆነም። ሌሎቹ መሪዎች መንገዱ እንጀራችንን ቀማን ብለው ሲያማርሩ እሳቸው አብረው ማማረር እንኳ አይችሉም ነበር።

በአራተኛው ዓመት ደረታቸውን ታመሙ። ያን ጊዜ ነው የወሰንኩት። ከሰል ይዤ መደባቸው አጠገብ ወለሉ ላይ ባሕሩን ሣልኩ፣ ተራራውን ሣልኩ፣ ሁሉንም ነገርኳቸው። ሰሜንን፣ ላይን፣ ሰማያዊውን ቀለም፣ አፌን ከፍቼ እንደዘጋሁት። በዕድሜዬ እንደዚያ ረጅም ነገር ተናግሬ አላውቅም። «እርስዎ አይደሉም፣ አባዬ። እኔ ነኝ» አልኳቸው። እንዲቆጡኝ ፈልጌ ነበር፤ በዱላቸው ቢመቱኝ ደስታዬ ነው። ወለሉን አላዩትም። እኔን አይተው ፈገግ አሉ።

«ያን ሁሉ ዓመት ያልነገርሽኝ፣ ዛሬ ስታመም ትዝ አለሽ?»

«እውነቴን ነው አባዬ፣ በእመቤቴ...»

«አትማይ። ለታመመ ሰው እንደሚዋሽ አውቃለሁ። እኔም ለእናትሽ ዋሽቼላታለሁ።»

ማልቀስ ጀመርኩ፤ ማልቀሴ ይባስ ውሸት አስመሰለኝ። እጃቸውን ራሴ ላይ አደረጉ። አንድ ነገር ብቻ ተናገሩኝ፣ ከዚያ በኋላ እስኪያርፉ ድረስ ሌላ ቃል ከአፋቸው አልሰማሁም፤

«ደግ ልጅ ነሽ። በይ በሩን ዝጊልኝና ሂጂ፤ ነፋስ ገባ።»